የሂንዳ ኔርሚን

ሂንዳ የአንድ ቢጫ ድሪያ፣ የሶማሌ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ፣ ጠርዝ ትቀመቅም ነበር። ጨርቁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስለሆነ በመኪና ቢሰፋ ይሸበሸባል። ስለዚህ ጠርዙን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ እየጠቀለለች በእጇ ትሰፋዋለች። ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች፣ ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ በመርፌው ዓይን ታሾልከዋለች። የራሷ ዓይን ግን ጨርቁ ላይ አልነበረም። ከክር መደርደሪያው አጠገብ የተቀመጠውን ቴሌቪዥን ነበር የምታየው። አፏም ሥራ አልፈታም።

«አሁን እናትየዋ ሻይ ቀዳችላት» አለች በሶማልኛ። «ኔርሚን ብርጭቆውን አየችው፣ አልነካችውም። በልቧ ‹ይህን ሻይ ከጠጣሁት ያለ እናት ያደግሁበትን ዘመን ሁሉ አብሬ እውጠዋለሁ› እያለች ነው። ዓይኗን ወደ መሬት ጣል አደረገች፤ አያችሁ? እግሯን ነው የምታየው። ያቺ ጫማ ትዝ አለቻት።»

«ውይ የኔ ልጅ!» አሉ ሴቶቹ።

ከቴሌቪዥኑ የወጣው አማርኛ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

«አማርኛ እንዴት ያለ አጭር ቋንቋ ነው!» አለች የግመል ወተት የምትሸጠው ኤብላ፣ ጀሪካኗን በጉልበቶቿ መካከል እንደያዘች። «ይህን ሁሉ በአንድ ቃል!»

እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ ቁልፍ እተክል ነበር። አንገቴን ደፍቼ መትከሌን ቀጠልኩ።

የሂንዳ ልብስ መስፊያ ጅግጅጋ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ነው። አንድ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ እንደ ባንዲራ የተሰቀሉ ድሪያዎች አሏት። ሂንዳ በልጅነቷ ከሐርተሼክ ወደ አክስቷ ዘንድ የመጣች ጊዜ ባለቤቴ ሀብተየስ እዚሁ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። በሩ ላይ ቆማ እጁን ስታይ ብትውል ጊዜ አስገብቶ አስተማራት። ስፌቱንም አማርኛውንም ከእሱ ነው የያዘችው። እሱ ካረፈ በኋላ እኔ ብቻዬን ቤት እንዳልውል ብላ ይህን ጥግ ሰጠችኝ። ደንበኞቿ ኤዶ ይሉኛል፤ በእነሱ አክስት ማለት ነው።

ከዐስር ስግደት በኋላ በቴሌቪዥን የሚደገም፣ ከውጭ አገር መጥቶ በአማርኛ የተተረጎመ አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ «የወደቡ ልጅ» ይባላል። ኔርሚን የምትባል ልጅ በሕፃንነቷ እናቷ ወደብ ላይ ጥላት ትሄዳለች። ካደገች በኋላ እናትየዋ ትመለሳለች። ወደ ሂንዳ የሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ የሚያውቁት አማርኛ የገበያ ነው፤ «ስንት ነው»፣ «አልቀንስም»፣ «ነገ ነይ»። ስለዚህ ሂንዳ እየሰፋች ትተረጉምላቸዋለች። ልብስ የማታሰፋው ሁሉ በዚያ ሰዓት ትመጣ ነበር። ኤብላ ለምሳሌ በዚያ ዓመት አንድም ልብስ አላሰፋችም።

ከሂንዳ ሌላ ሁለቱንም ቋንቋ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። የቴሌቪዥኗ ኔርሚን ታለቅሳለች፣ ቀሚስ ትቀይራለች፣ እንደገና ታለቅሳለች። የሂንዳ ኔርሚን ደግሞ ሌላ ሰው ናት። እናቷ ጥላት የሄደች ዕለት «ይቺን ጫማሽን አሰፍቼልሽ ልምጣ» ብላ የተበጠሰች አንድ እግር ጫማ ይዛ ነው የሄደችው። ልጅቷ በአንድ እግር ጫማ ስትጠብቅ ዋለች፤ ያቺን አንዷን ጫማ እስከ ዛሬ አልጣለችም። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛው ውስጥ የለም። ተዋናይቷ አንገቷን በደፋች ቁጥር ሂንዳ ጫማዋን ታመጣታለች። እኔም ምንም አልልም ነበር። መናገር አይሆንልኝም፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር የሂንዳዋ ትጥመኝ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ የሮዛ ፀጉር ቤት አለ። እዚያም ቴሌቪዥን አለ፤ እዚያም ያንኑ ድራማ በዚያው ሰዓት ያያሉ። እነሱ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም፤ ሮዛም ደንበኞቿም አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። ድራማው ሲያልቅ ሁለቱም በር ይከፈታል። ሮዛ ማበጠሪያዋን ይዛ ትወጣለች፣ ኤብላ ጀሪካኗን ይዛ ትወጣለች፣ ጠቡ መንገዱ መሐል ይጀመራል። ኤብላ በገበያ አማርኛዋ፣ ሮዛ በገበያ ሶማልኛዋ።

«ይህቺ ልጅ ልብ የላትም!» ትላለች ሮዛ። «ግድግዳ ናት። የመጀመሪያው ቀን የነበረችው ኔርሚንና የዛሬዋ ኔርሚን አንድ ናቸው። ምን ተማረች? ምን ተለወጠች? ቀሚሷ ብቻ!»

«ልብ የላትም?» ኤብላ ጀሪካኗን መሬት ታስቀምጣለች። «የሷ ልብ ብርካ ነው። ብርካ ታውቂያለሽ? ገጠር ዝናብ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ። ላዩን ብቻ አይተሽ ትንሽ ነው ትያለሽ። ጥልቀቱን የምታውቂው ባልዲ ስትጥይ ነው።»

«ጣልኩ እኮ! ባልዲዬ ደረቅ ወጣ!»

«ገመድሽ አጭር ነው።»

የሮዛ ደንበኞች፣ ፀጉራቸው በጥቅልል እንደተያዘ፣ በር ላይ ቆመው ይስቃሉ።

«ድሮ ሰው ሲናገራት ትሸሽ ነበር» ትላለች ኤብላ። «አሁን ቆማ ትጠይቃለች። ይህ ማደግ ካልሆነ ማደግ ምንድን ነው? ቁመት?»

«ማንን ጠየቀች? መቼ? እማማ ኤብላ፣ ሰው አደገ የሚባለው ሥራው ሲለወጥ ነው፤ ‹በልቧ እንዲህ አሰበች› እያልሽ አትንገሪኝ። በልቧ የገባ ማን ነው?»

«ጫማውስ?»

«የምን ጫማ?»

«አይ ሮዛ! ያ የፀጉር ማድረቂያ ጆሮሽን ደፈነው፤ ዓይንሽንም ደፈነው።»

ሮዛ ወደኔ ትዞራለች። «እትዬ ወለተሐና፣ እውነት የምናየው አንድ ድራማ ነው?»

እኔ ቁልፍ ወደቀብኝ ብዬ ጎንበስ እል ነበር።

እንዲህ ሲባባሉ የሚያይ እንግዳ ይጣላሉ ብሎ ይፈራ ይሆናል። ግን በ2010ሩ የክረምት ግርግር ጊዜ ሮዛ ያን ሳምንት ተደብቃ የከረመችው በሂንዳ ጓዳ ነው፤ ወተት ታመጣላት የነበረችውም ኤብላ ናት። ስድባቸው የቤተ ዘመድ ስድብ ነው።

ኤብላ ሽንሌ ያለች እህት አለቻት። እናታቸው ስትሞት እህትየዋ ለቀብር አልመጣችም፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም ነበር። አንድ ቀን የሂንዳ ኔርሚን «የሚጠይቅ ሰው ገና ዘመድ ነው፤ የተቆረጠው መጠየቅ የተወው ነው» አለች። ኤብላ ያን ቀን ከሮዛ ጋር ሳትከራከር ሄደች። በማግሥቱ ወተት የምታቀርብላቸውን ሰዎች ለሌላ ሴት ሰጥታ ወደ ሽንሌ ተሳፈረች። ስትመለስ እንደነገረችን ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም፣ «ለምን አልመጣሽም?» ብላ ጠየቀች። እህትየዋ በዚያ ሰሞን አራስ ሆና ከሞት ጋር ትታገል ኖሯል። ሕፃኑም አልተረፈም። መልእክት የሚያደርስ ሰው አጥታ፣ በኋላም አፍራ ዝም አለች። ሁለቱ ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ኤብላ ይህን ስትነግረን ሂንዳ መኪናዋን ስታዞር ቆይታ፣ ጨርቁን ሳትስብ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ሰፍታው ኖሮ በኋላ ስትፈታ አመሸች።

ነገሩ የተበላሸው ኢቅራ ስትመጣ ነው። ኢቅራ የሂንዳ የወንድሟ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ አማርኛዋ እንደ ውሃ ነው። ለዕረፍት መጥታ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ኔርሚን በሩ ላይ ቆማ ወደ እናቷ ዞረች፣ አንድ ነገር አለች፣ ወጣች።

«‹ዛሬ አልቆጣሽም› አለቻት» ብላ ጀመረች ሂንዳ፣ አንድ እጅጌ እየገጠመች። «‹ቁጣዬ አርጅቷል። እንደ አሮጌ ውሻ በር ላይ ተኝቷል፤ ሰው ሲያልፍ ጭንቅላቱን ብቻ ያነሳል። ግን ተነስቶ ከሄደ ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል ብዬ እፈራለሁ›።»

አንዲት ሴት አፍንጫዋን በሻሿ ጠረገች።

ኢቅራ ሳቋ አመለጣት። «ኤዶ ሂንዳ! ‹ደህና እደሪ› እኮ ነው ያለቻት!»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ምን አለች?» አለች ኤብላ።

«‹ደህና እደሪ›። ሌላ ምንም አላለችም። ውሻ የሚባል ነገር…» ኢቅራ ፊቶቹን አየችና ድምፅዋ ቀነሰ። «የለም።»

«ጫማውስ?»

ሂንዳ እጅጌውን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። ኤብላ ወደኔ ዞረች። «ኤዶ ወለተ፣ አንቺ ሁለቱንም ትሰሚያለሽ። ጫማው አለ?»

ሁሉም አዩኝ። ጉንጬ እንደ ምድጃ ሞቀ። «ደስ የሚል ጫማ ነው» አልኩ።

«አለ ወይ?»

«የለም፣ የኔ እናት።»

ኤብላ ጀሪካኗን አነሳች። «እኔ ሽንሌ ድረስ የሄድኩት በማን ቃል ነው ታዲያ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻል ነበር። ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጫማቸውን እየፈለጉ ወጡ።

ከዚያ በኋላ አግዳሚው ወንበር ባዶውን ይውል ጀመር። ሂንዳ ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች፣ አትተረጉምም። ኢቅራ ብትለምናት፣ ይቅርታ ብትላት፣ «አንቺ ምን አደረግሽ? ያለውን ነው ያልሽው» ብቻ ትላለች። አንድ ቀን ክር እያጠነጠነች ለኔ ተናገረች፤ በአማርኛ፣ ልክ ከሀብተየስ ጋር ታወራ እንደነበረው።

«ስፌቱንማ የትም ያሰፉታል። እኔ ዘንድ ለእሱ አልነበረም የሚመጡት። እንዲህ ቁጭ ብለው ሲሰሙኝ… እትዬ፣ እኔ ሰው የሚሰማኝ ያኔ ብቻ ነበር። አሁን ውሸታም ነኝ። ውሸታም ‹ቀሚስሽ ለዓርብ ይደርሳል› ቢል ማን ያምነዋል?»

ተነስቼ ሻይ አመጣሁላት።

ሮዛ ነገሩን ስትሰማ ደንበኛዋን ግማሽ ፀጉር ሠርታ ትታ መጣች። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ወድቃ ሳቀች። «ውሸታም ብላ ታዝናለች እንዴ? ልብስ ሰፊ ደግሞ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል! ሀብተየስ ነፍሱን ይማርና የሚዜ ልብሴን ለጥምቀት ብሎ ለፋሲካ ነው የሰጠኝ!» እኔም ሳቅኩ፤ እውነት ነው። ከዚያ ሮዛ ማበጠሪያዋን መዳፏ ላይ መታ መታ አደረገች። «እነዚህ ሴቶች ለወራት በዚያች ልጅ ሲምሉ ግን፣ የትኛዋን ነው ያዩት? እኔስ ለምን ቀረችብኝ?»

ያመጣችው ሐሳብ ይህ ነበር። የመጨረሻው ክፍል ሊተላለፍ ነው። ሁለቱም ወገን ሂንዳ ቤት ተሰብስቦ ይየው። ኢቅራ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትተርጉም። ከዚያ ይፈረድ፤ ልጅቷ ጥልቅ ናት ወይስ ግድግዳ። ሂንዳ እምቢ አለች። ሮዛ ግን አስቀድማ ዞራ ጠርታ ጨርሳ ነበር።

የዚያን ቀን ከዐስር በኋላ ክፍሏ ሞላች። የሮዛ ደንበኞች ሁለቱ እርጥብ ፀጉራቸውን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። ኤብላ መጨረሻ ላይ ገባች፣ ሂንዳን በዓይኗ አላየቻትም። «ለመፍረድ ነው የመጣሁት» አለች፣ ተቀመጠች። ሂንዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቁምጣ ትለጥፍ ነበር።

ድራማው ጀመረ። ኢቅራ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እናትየዋ ገባች። ‹ልጄ› አለች። ኔርሚን ‹እናቴ› አለች።»

«ከዚያስ?» አለች ኤብላ።

«አለቀሰች።»

«ለምን?»

«አልተናገረችም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እያለቀሰች ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ አዛጋች። ሮዛ እጇን ዘረጋች፤ «አላልኳችሁም? ግድግዳ!» አለች፣ ግን ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ላይ እናትየዋ እጇን ዘረጋች፣ ኔርሚን አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ከውጭ ከትራንስፎርመሩ በኩል ድው የሚል ድምፅ መጣ፤ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ።

«ያ ረቢ!» አሉ ሁሉም። ሮዛ «ጌታ ሆይ!» ብላ በአማርኛዋ ደገመችው።

ትንሽ ጠበቁ። መብራቱ አልመጣም። ማንም ግን አልተነሳም። የሂንዳ መርፌ ብቻ ጨርቁን ሲወጋ ይሰማ ነበር።

«ሂንዳ» አለች ኤብላ።

ሂንዳ ዞር አላለችም።

«ሂንዳ፣ አባዮ፣ እህቴ። ጨርሺልን።»

«ውሸታም እንዴት ይጨርሳል?»

«እህቴ ትናንት ከሽንሌ ደወለችልኝ» አለች ኤብላ። «ድምፅዋ ውሸት አልነበረም። ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። የተቆጣሁት ስለ ውሸቱ አይደለም። ያንን ቃል የተናገረችውን ሴት አመስግኛት አላውቅም፤ ባዕድ አገር ናት ብዬ። ለካ እዚህ ተቀምጣ ወተቴን ስትጠጣ ኖራለች።» ጀሪካኗን ወደ ጎን ገፋች። «አሁን ንገሪን። ግን ‹እንዲህ አለች› አትበይ። ‹ይህ የኔ ነው› በይ።»

ሂንዳ ቁምጣውን አስቀመጠች። መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ነው የሰጠቻቸው፤ እስከዚያ ቀን ስታወራ ሁልጊዜ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር።

«ይህ የኔ ነው» አለች።

ሮዛ ክንዴን ጨመቀችኝ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ተርጉሚልኝ!» እኔ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ግን በጆሮዋ ብቻ ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ በፎጣ የተጠቀለሉት ሴቶችም ቀረብ አሉ፣ ድምፄም ሳላውቀው ከፍ አለ። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

«እናትየዋ እጇን ዘረጋች። ኔርሚን አላቀፈቻትም» አለች ሂንዳ። «ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ተቀመጠች። ሻይ ተቀድቶ ነበር። ሁላችን ‹ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ› ብላ የምትጠይቅ መስሎናል። እሷም ለዓመታት ይህንኑ ስታዘጋጅ ነበር። ግን አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነው። ‹ጫማዋን› አለች፣ ‹አሰፋሻት ወይ?›»

ኤብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«እናትየዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መዳፍ የምታህል ጫማ። ጠፍሩ በድርብ ክር ተሰፍቷል። ‹የዚያኑ ዕለት አሰፋኋት› አለች። ‹ይዤ ስመለስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ሌላ መንገድ ፈለግሁ፣ እሱም ተዘጋ። ከዚያ ዓመት አለፈ፣ አፈርኩ። እግርሽ አድጎ ጫማዋ እንደማትሆንሽ ሳስብ ደግሞ ምን ይዤ እመጣለሁ አልኩ።› ኔርሚን ጫማዋን ተቀበለች። አገላበጠቻት፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ እግሯ አጠገብ አስቀምጣ ለካች። ‹አሁን አትሆነኝም› አለች። ሳቀች። እናትየዋም ሳቀች። ሲስቁ አንድ ዓይነት ጥርስ አላቸው፤ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። ብርጭቆውን አነሳች። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ጠጣችው።»

ኤብላ በሁለት እጇ ጭኗን መታች፣ እልልታ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የሮዛ ደንበኞች ይመስሉኛል፣ ሌሎቹም ተቀበሉት። ሮዛ እንባዋ ጉንጯ ላይ ኩሉን ይዞ ወርዷል። «አደገች» አለች። «ይህቺ አደገች። ተሸንፌያለሁ!»

«ጫማው የማን ነው?» አለች ኤብላ፣ ቀስ ብላ።

ሂንዳ መርፌዋን ከደረቷ ነቀለች፣ ወደ በሩ ብርሃን አንስታ ክር አሾለከች። ኤብላም ሁለተኛ አልጠየቀችም።

መብራቱ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ በኃይል መጣ፣ ቴሌቪዥኑ ጠሽ ብሎ ጭስ ለቀቀ፣ በዚያው ቀረ። ሮዛ የድራማውን እውነተኛ መጨረሻ በኋላ በስልኳ አይታው ነበር። ተቃቀፉ፣ ሠርግ ሆነ፣ ኔርሚን ነጭ ቀሚስ ለበሰች። «ጨርቁ ጥሩ ነው» አለች ሮዛ፣ ሌላ አልጨመረችም።

አሁን ከዐስር በኋላ ሴቶቹ ይመጣሉ። ሮዛ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ትመጣለች፤ እኔ ለእሷ ወገን እተረጉማለሁ። ሂንዳ ፊቷን ወደ ሰው አዙራ «ይህ የኔ ነው» ብላ ትጀምራለች። ባለፈው ሳምንት የኤብላ እህት ከሽንሌ መጥታ ቦታ ጠፍቶ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥናት። የሚጣሉበትም አልጠፋም፤ ሂንዳ በአዲሱ ታሪኳ ስላመጣችው አንድ የደምበል ወረዳ ግመል ነጋዴ፣ ልቡ ድንጋይ ነው ወይስ ፈሪ ነው ብለው ሮዛና ኤብላ እስከ መንገዱ መሐል ይከራከራሉ። ሂንዳን ዳኚ ሲሏት «እኔም ገና አላወቅሁትም» ትላለች።

አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ቴሌቪዥን የሚጠግነው ሊባን «አምጪው፣ ቀላል ነገር ነው» ብሏታል። ሂንዳም ጧት ጧት «ዛሬ ለሊባን አደርሰዋለሁ» ትላለች። ትናንት እንዲያውም በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ እስከ በሩ ድረስ አውጥታው ነበር። ኤብላ ጀሪካኗን ይዛ መጣችና «ከዚያስ? ነጋዴው ምን አለ?» አለቻት። ቴሌቪዥኑ እዚያው በሩ ሥር ነው፤ ኢቅራ ተቀምጣበታለች።